ቦክስ ጊታር በእጅ ለመሥራት፦ ከክረምቱ ጋር መስማማት ይቀድማል

ጥያቄው ከኮዬ ፈጬ የመጣ ነው። አንድ ወጣት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እስካሁን ሁለት ክራር ሠርቻለሁ። አሁን ቦክስ ጊታር በእጄ መሥራት አማረኝ። ያለኝ የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮና የኮንዶሚኒየም በረንዳ ነው፤ ማሽን የለኝም። ምን እንጨት ልግዛ? ጎኑን እንዴት ነው የማጎብጠው? አሁን ሚያዝያ ነው፤ ክረምት ሳይገባ እጨርሰው ይሆን?»

ወንድሜ፣ የላክኸውን የክራር ፎቶ አይቼዋለሁ። ምሰሶውና ቀንበሩ የተጋጠሙበት ቦታ ንጹሕ ነው፤ ይህን የሠራ እጅ ጊታር መሥራት ይችላል። የማሽን ነገር አያስጨንቅህ። መልሴን ግን ከመጨረሻው ጥያቄህ እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከሱ ጋር ነውና። ክረምት ሳይገባ ልጨርስ ብለህ አትሩጥ። በሰኔ ተጣድፈህ የዘጋኸው ሳጥን በጥር ይሰነጠቅብሃል።

እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ከአየሩ ጋር መተንፈሱን አያቆምም። አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይስባል፣ ሲደርቅ ያንኑ ይለቃል። ርዝመቱ ይህን ያህል አይለወጥም፤ የሚሰፋውና የሚሰበሰበው በወርዱ ነው። የጊታር ፊት ከታች ሰፊው ቦታ ላይ 36 ሴንቲሜትር ገደማ አለው። በእኛ ደጋ ከነሐሴ ዝናብ እስከ ጥር ደረቅ ከሰዓት ባለው ልዩነት፣ እንዲህ ያለ ገጽ በነፃነት ቢተው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሊሰበሰብ ይችላል። ችግሩ ነፃ አለመሆኑ ነው። ዙሪያውን ከጎኑ ጋር በኮላ ተይዟል፣ ከውስጥም አግድም ማጠንከሪያ ተጣብቆበታል። መሰብሰብ ሲፈልግ መሄጃ ያጣል፤ ያኔ የሚለቀው ራሱ እንጨቱ ነው።

ክራር ላይ ይህ አልገጠመህም። ፊቱ ቆዳ ስለሆነ ሲረግብ ፀሐይ ታሳየዋለህ፣ ክሩንም ደግመህ ትቃኛለህ፣ ያልፋል። የእንጨት ፊት እንዲህ አይለመንም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሁለተኛው ጊታሬ ነው። ቡራዩ ቤቴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ በሰነበተበት ነሐሴ፣ የጀርባውን ማጠንከሪያዎች አጣብቄ ሳጥኑን ዘጋሁት። መስከረም ላይ ክር አሰርኩለት፤ ድምፁም መልካም ነበር። በጥር አንድ ሌሊት፣ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጠዋት ሳየው ጀርባው ከታች እስከ ወገቡ ተከፍሏል፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ገባበት። ከውስጥ በቀጭን እንጨት ጠግኜዋለሁ፤ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ያ ሁሉ ሥራ የተበላሸው በአንድ ቀን ነው፤ ማጠንከሪያውን ባጣበቅሁበት ቀን።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁንልህ፦ ኮላ በደረቅ ወቅት። በደረቅ ጊዜ የተጣበቀ ጊታር ክረምት ሲመጣ ትንሽ ያብጣል፣ ፊቱ ጎበጥ ይላል፣ ክሩ ከፍ ይላል፤ በጥቅምት ተመልሶ ይወርዳል። በእርጥብ ጊዜ የተጣበቀው ግን መመለሻ የለውም። የእርጥበት መለኪያ ግዛ፤ ትንሿ ዲጂታል ትበቃሃለች። ከማመንህ በፊት ግን ፈትናት፦ የምግብ ጨው በጥቂት ውሃ ጭቃ እስኪመስል አርጥበህ በቆርኪ አድርግና ከመለኪያዋ ጋር ጥብቅ ክዳን ባለው ማሰሮ ዝጋባት። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለባት። 70 ካለች፣ 5 እየጨመርክ አንብባት። ማጠንከሪያ የምታጣብቀውና ሳጥን የምትዘጋው ክፍልህ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲያሳይ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኮላ አትክፈት፤ በኮንዶሚኒየም ቤት የምጣዱ እንፋሎት ምን ያህል ቁጥሩን እንደሚያስዘልለው መለኪያዋ ራሷ ታሳይሃለች።

እንግዲህ ሚያዝያን፣ ግንቦትንና ሰኔን እንጨት በመፈለግና በማድረቅ አሳልፍ። ክረምቱን አንገቱን ቅረጽበት፣ የፍሬት ሰሌዳውን (ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች የሚሰኩበትን የአንገቱን ገጽ) ሥራበት፣ የጎበጠው ጎን የሚታሰርበትን ቅርጽ አዘጋጅበት። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አጣብቅ። ለገና ክር ታስራለህ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የመጀመሪያህ የናይለን ክር ያለው ይሁን። የስድስቱ ናይለን ክሮች ጉተታ ሲደመር 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ የብረት ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ኪሎ ያልፋል። የብረት ክር አንገቱ ውስጥ የሚስተካከል ብረት ይፈልጋል፣ ፊቱም ወፈር ማለት አለበት። የናይለኑ ያለዚያ ይቆማል፤ ስህተትህንም ይታገሥልሃል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ከሁሉ በላይ ገንዘብህንና ጊዜህን ለፊቱ ስጥ። አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባለው ስፔናዊ የጊታር ሠሪ፣ የዛሬውን ክላሲካል ጊታር መልክ ያስያዘው ሰው፣ በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባውና ጎኑ ከወረቀት ብቻ የተሠራ ጊታር ሠርቶ ነበር። ፊቱን ግን ከጥሩ እንጨት አደረገው። ሊያሳይ የፈለገው ድምፁ በዋናነት የሚመጣው ከፊቱ መሆኑን ነው፤ ያ ጊታር አሁን ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል። ስለዚህ «ጀርባውን በኮምፔንሳቶ ብሠራው ውርደት ነው ወይ?» ለሚሉኝ ሁሉ አይደለም እላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭን ጥሩ ኮምፔንሳቶ ለጀርባው ብትጠቀም አልወቅስህም፤ እንዲያውም አይሰነጠቅብህም። ፊቱን ከኮምፔንሳቶ አትሥራ።

ለፊቱ የዓለም ጊታር ሠሪዎች የሚመርጡት ስፕሩስ የሚባለውን የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው፤ ቀላልና ግትር ስለሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ለጊታር ፊት የተዘጋጁ ሁለት ገጾች አስመጣ፤ እያንዳንዱ 55 በ20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ መካከል ይገባል። ይህ ካልሆነ ከእኛው ዘንድ ዝግባና የሐበሻ ጥድ አሉ። ሁለቱም ከስፕሩስ ይከብዳሉ፤ ግን ጉጥ የሌለበት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቁራጭ ካገኘህ የሚያምር ድምፅ ይሰጣሉ። ስትመርጥ የእንጨቱን ግንባር እይ፦ ቀለበቶቹ ከገጹ ጋር ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ጋደም ካሉ ያ ጣውላ በእርጥበት የሚሰፋው በእጥፍ ገደማ ነው፣ ይጣመማልም። ቀጥሎ ከጫፉ ትንሽ ቁራጭ በመሮ ፍለጥ፤ ፍልጡ ገጹን ተከትሎ ከሄደ ውሰደው፣ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከገባ ተወው።

ለጎንና ለጀርባ እንዲሁም ለአንገት ዋንዛን የሚያህል አላውቅም። አባቶቻችን ለበገናና ለክራር የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይቆጣም። የፈረንጅ ጥድም መልካም ነው፤ ስፔኖች ለፍላሜንኮ ጊታር ጎንና ጀርባ የሚጠቀሙበት ሳይፕረስ የዚሁ ዛፍ ወገን ነው፤ ጉጡ ብቻ ያስቸግራል። ባሕር ዛፍ ኮዬ ፈጬም ቡራዩም ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለፍሬት ሰሌዳው ወይራ ፈልግ፤ ከባድና ድንጋይ የመሰለ፣ ከዓመታት በፊት የተቆረጠ።

አዲስ የተቆረጠ ዋንዛ ወይም ዝግባ ፍለጋ አትውጣ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስማቸው የተጠቀሱ ዛፎች ነበሩ፤ ደግሞም እርጥብ ጣውላ ለአንተ አይጠቅምህም። ምናለሽ ተራ ሂድ። የድሮ አልጋ፣ የቁም ሣጥን በር፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ መዝጊያ ጠይቅ። እኔ ምርጡን ዋንዛ ያገኘሁት ከአንድ የተሰበረ ቡፌ ጎን ነው፤ የሰው ዕድሜ ያህል ደርቆ ተቀምጦ ነበር። እግረ መንገድህን የተሰበረ የፋብሪካ ጊታር ካገኘህ ግዛው፤ መቃኛው ሊያገለግልህ ይችላል፣ የውስጡን አሠራርም ገልጠህ ታይበታለህ። መድረቁን ለማረጋገጥ ከእንጨቱ ቀጭን ዘንግ ቁረጥና በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው። ሦስት ሳምንት ክብደቱ ካልተለወጠ ከክፍሉ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ፊቱን ማቅጠን የሥራው ልብ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩል። ሁለቱን ገጾች እንደ መጽሐፍ አጥፈህ በአንድ ላይ ሞርሳ ውስጥ አስገባና ጠርዛቸውን አብረህ ላግ። መላጊያህ ጋደም ቢል እንኳ የአንዱ ስህተት የሌላውን ያጣፋል። አጣብቀህ ሲደርቅ ከ4 ሚሊሜትር ወደ 3 በልበ ሙሉነት ውረድ። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ላግና አቁም። ገጹን ከላይኛው ጫፉ አጠገብ በሁለት ጣት ብቻ አንጠልጥለህ መሐሉን በሌላው እጅህ ጣት ለስላሳ ክፍል ንካው። ወፍራም ሳለ የሚሰማው እንደ ጠረጴዛ ደረቅ ኳኳታ ነው። እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይረዝማል፤ ጣትህ ከለቀቀው በኋላም ለአፍታ ይቆያል። በሁለት እጅህ ጠርዞቹን ይዘህም በአውራ ጣቶችህ ገፋ አድርገው፦ ወርዱን እሺ ማለት ይጀምራል፣ ርዝመቱን ግን አሁንም እምቢ ይላል። ይህ የምትፈልገው ቦታ ነው።

እዚያ ስትደርስ በቁጥር 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ትሆናለህ። ለመጀመሪያው ጊታር እዚያው ቁም። ከ2.5 ወደ 2.25 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የገጹ ግትርነት ግን ከሩብ በላይ ይወድቃል፤ ውፍረት ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነውና የሚቆጠረው። የተላገ እንጨት አይመለስም። መሐሉን የምትለካበት መሣሪያ ከሌለህ የድምፅ ማውጫውን ክብ ቀዳዳ ቀድመህ ቁረጥ፤ በእሱ በኩል ውፍረቱን ታያለህ።

ጎኑን ለማጉበጥ ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ቀቅለው ይልሃል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ያንኑ ያህል ደካማ ነው። የጋለ ብረት ይሻልሃል። ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ጥቁር የብረት ቧንቧ ፈልግ። ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቧንቧ አትጠቀም፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። አንዱን ጫፍ ዘግተህ አቁመውና ውስጡን በከሰል ፍም ሙላው። ይህን የምትሠራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። ውሃ ጠብ ስታደርግበት ጠብታው ተንከባሎ ከዘለለ ቧንቧው ደርሷል።

ጎኑ 80 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲሜትር ወርድና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ከዚህ ከወፈረ ይሰበራል። በእርጥብ ጨርቅ አርሰው፣ ከወገቡ ጀምር፣ ቧንቧው ላይ አስደግፈህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዘው። በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይቃወምሃል። ውሃው ይንጫጫል፣ ያ የዋንዛው ሽታ ይነሣል፤ ከዚያ ድንገት እጅህ ሥር ሲለሰልስ ይሰማሃል፤ ሰም የያዝክ ይመስልሃል። የምትገፋው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ገፍተህ እንደሆነ ቀጭ ይላል። ከትክክለኛው እንጨት በፊት ከዚያው ጣውላ በተረፉ ሦስት አራት ቁራጮች ተለማመድ። ሲጎብጥ ከቅርጹ ጋር እሰረውና ሁለት ቀን ተወው።

የፊቱ ማጠንከሪያ ዘንጎች አቀማመጥ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ አንተ አትጨነቅ። ከድምፅ ማውጫው በታች እንደተዘረጉ ጣቶች 7 ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከላይና ከታቹ ሁለት ወፈር ያሉ አግድም ዘንጎች፤ የቶሬስ መንገድ ይኸው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የምትጫንበት ብዙ ሞርሳ ከሌለህ ቀርከሃ ሰንጥቅ። ሥራውን ጠረጴዛ ሥር አስቀምጥና ቀርከሃዎቹን ጎበጥ አድርገህ በጠረጴዛው ሆድና በዘንጎቹ መካከል አስገባቸው። የመንጠሩ ኃይል ኮላው እስኪደርቅ ይጫንልሃል።

ፍሬት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክራር ሠሪን የሚጥለውም እሱ ነው። በክራር ክሩን አንድ በአንድ ትቃኛለህ፤ ትዝታም ባቲም ቢሆን ጆሮህ ያስተካክለዋል። በጊታር ግን ቅኝቱን ከፊሉን አንተ በመጋዝ ትወስናለህ፤ የተጫዋቹ ጆሮ ሊያርመው አይችልም። የክሩ ርዝመት ከላይኛው መነሻ እስከ ብርኩማው (ክሩ ፊቱ ላይ የሚታሰርበት እንጨት) 650 ሚሊሜትር ይሁን። ይህን ለ17.817 አካፍል፤ የመጀመሪያውን ፍሬት ርቀት ታገኛለህ። የቀረውን ርዝመት ደግሞ ለዚያው ቁጥር አካፍል፣ እንዲሁ ቀጥል። 1ኛው 36.48፣ 2ኛው 70.92፣ 3ኛው 103.42፣ 5ኛው 163.05፣ 7ኛው 216.18 ላይ ያርፋል፤ 12ኛው ልክ መሐሉ ላይ፣ 325 ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ሒሳቡ ተሳስቷል።

ምልክት ስታደርግ ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው እየተሻገርክ አትለካ፤ የፀጉር ያህሉ ስህተት 19ኛው ጋ ሲደርስ ተደምሮ ይጠብቅሃል። አንድ የብረት ማስመሪያ ከመነሻው ላይ አስረህ ሁሉንም ከዜሮ አንብብ። በእርሳስ አትሥራ፣ በስለታም ቢላ ጭረት ሥራ። ወደ ሳጥኑ በቀረብክ መጠንም ጥንቃቄህ ይጨምር፤ ያው ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት 12ኛው ፍሬት ላይ ከ1ኛው ይልቅ በእጥፍ ገደማ ይሰማል። ስንጥቁን ለመቁረጥ የብረት መጋዝ ምላጭ ጥርሶቹን ግራና ቀኝ በመሳያ ድንጋይ አሽተህ ቀጥ ብታደርጋቸው 0.6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ይሰጥሃል። መጀመሪያ በተረፈ ወይራ ላይ ቁረጥና የፍሬቱ እግር በመዶሻ ቀላል ምት የሚገባ፣ በጣት ግን የማይወጣ መሆኑን አረጋግጥ። ይህን ሁሉ በሐምሌ ብትሠራውም አይጎዳህም፤ የፍሬት ልኬት በርዝመት ነው፣ ርዝመት ደግሞ በእርጥበት ይህን ያህል አይንቀሳቀስም ብዬሃለሁ። የፍሬቶቹን ጫፍ የምትሞርደው ግን በበጋ ይሁን፤ ሰሌዳው ወርዱ ሲሰበሰብ ጫፎቹ ወጥተው እጅ ይቆርጣሉ።

ብርኩማውን የምታጣብቀው ቀለም ባልነካው ባዶ እንጨት ላይ ነው። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ክሩ መቀመጫ 325 ሳይሆን 327 ሚሊሜትር አድርገው፤ ክር በጣት ሲጫን ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ይላል፣ ያቺ 2 ሚሊሜትር ትመልሰዋለች። ላዩን በአልኮል የሟሟ ሸላክ በስሱ ቀባው፤ ወፍራም ቫርኒሽ ፊቱን ያፍነዋል።

ክር ካሰርክ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ በቀጭኑ በኩል 3፣ በወፍራሙ በኩል 4 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ይህን ቁጥር በየሳምንቱ ከእርጥበቱ ቁጥር ጋር ደብተር ላይ ጻፍ። በሰኔና በሐምሌ ከፍ ሲል ብርኩማውን ለመሞረድ አትቸኩል፤ ጥቅምት ይድረስ።

እንጨትህ ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ሥራህ የፊቱን ሁለት ገጾች ማጋጠም ነው። ከላግካቸው በኋላ፣ ኮላ ሳይነካቸው፣ አጋጥመህ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሣቸው። ከመገጣጠሚያው በየትኛውም ቦታ ብርሃን ካለፈ ገና ነው። ሳያልፍ ሲቀር ፎቶውን ላክልኝ።